ዝምተኛው ኮምፒውተር የድሃ ምርጫ አይደለም

በደቡብ ወሎ፣ ደጎሎም ይሁን መካነ ሰላም፣ ለቤቱ ፊልም ማያ ኮምፒውተር ሊገዛ የተነሳ ሰው የሚሰማው ምክር አንድ ዓይነት ነው። «ኮር አይ7 ካልሆነ እንዳትገዛ፤ ራሙ 16 ይሁን፤ ግራፊክስ ካርድ ያለው ፈልግ፤ ትልቁን ውሰድ።» ምክሩን የሚሰጠው ሰው ክፉ አስቦ አይደለም፤ ዘመዱ ተታሎ እንዳይመለስ ሰግቶ ነው። ምክሩ ግን ስህተት ነው። ገንዘብ ያስባክናል፣ መብራት ያስበላል፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ ሳሎን ውስጥ ሲያጓራ የሚያመሽ ሳጥን ያስቀምጣል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ለደጋ ከተማ ቤት፣ ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ሳሎን ለሚያመሽበት ቤት፣ የሚሻለው ትንሹና ድምፅ የሌለው ኮምፒውተር ነው። አቅም ያጠረው ሰው የሚወስደው አድርገን ማየታችንን ልንተው ይገባል።

ይህ አስተሳሰብ ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። በትንንሽ ከተሞቻችን ኮምፒውተርን ያወቅነው በፎቶ ቤትና በጽሕፈት ቤት በኩል ነው። የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ባለሙያ በእርግጥም ጉልበተኛ ማሽን ያስፈልገዋል። የሰዓታት ቀረጻ ይቆርጣል፣ ይቀጥላል፣ ቀለም ያስተካክላል፣ በመጨረሻም አዲስ ፋይል አድርጎ ያወጣል፤ ማሽኑ የሚዘገይበት እያንዳንዱ ሰዓት ከኪሱ የሚወጣ ነው። ጎረቤቱ ኮምፒውተር ሊገዛ ሲያስብ የሚያማክረው እሱን ነው፤ እሱም ለራሱ ሥራ የሚበጀውን ይነግረዋል። ፊልም መሥራትና ፊልም ማየት ግን ለማሽኑ ሰማይና ምድር የሆኑ ሥራዎች ናቸው።

ፊልም ማየት ለኮምፒውተር ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ካልተነጋገርን ክርክሩ የምርጫ ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። አይደለም። ፍላሽ ላይ አስጭነን ወደ ቤት የምንወስደው ፊልም ታምቆ የተቀመጠ ነው። በፉል ኤችዲ ጥራት ያለ ምንም እመቃ ቢቀመጥ የአንድ ሰዓት ምስል ብቻ ከ500 ጊጋባይት በላይ ይወስዳል፤ እኛ ግን የሁለት ሰዓቱን ፊልም ብዙ ጊዜ በ2 ጊጋባይት ገደማ እናገኘዋለን። ኮምፒውተሩ የታመቀውን በየቅጽበቱ እየፈታ በሴኮንድ 24 ወይም 25 ምስል ማውጣት አለበት። ይህን የሚሠራበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ዋናውን ፕሮሰሰር በጉልበት ማሠራት ነው፤ ያኔ ፕሮሰሰሩ ይግላል፣ ፋኑ ይጮኻል። ሌላው ደግሞ ሥራውን ለዚሁ ጉዳይ ብቻ ተብሎ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ለተሠራው ክፍል መስጠት ነው፤ ያኔ ማሽኑ ሥራ ላይ መሆኑም አይታወቅም።

ያ ክፍል የትኛውን የእመቃ ዓይነት መፍታት እንደሚችል የሚወስነው የፕሮሰሰሩ ጀነሬሽን ነው። አይ7 ወይም አይ3 የሚለው ጽሑፍ እዚህ ላይ ምንም አይነግራችሁም። ያገለገለ ሆኖ በአይ7 ስም ዛሬም ለሽያጭ የሚቀርበውን ኮር አይ7 2600 እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2011 ወጣ፤ የሙቀት መጠኑ 95 ዋት ነው። ዛሬ ብዙ አዲስ ፊልም የሚታመቅበት ኤችኢቪሲ የተባለው ዓይነት ግን የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ማሽኑ ፋይሉን በሁለት ዓመት ቀድሞታል፤ ስለዚህ የሚፈታበት ክፍል የለውም። ፉል ኤችዲውን እያላበው ይከፍታል፣ 4ኬ ሲመጣ ምስሉ መቆራረጥ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ሰባተኛ ጀነሬሽን ኮር አይ5 7500ቲ ግን በ35 ዋት ኤችኢቪሲን፣ ባለ10 ቢቱን ጭምር፣ በዚያው በተለየው ክፍል ይፈታዋል። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 የወጣው ኢንቴል ኤን100 ደግሞ ለ6 ዋት የተሠራ ትንሽ ፕሮሰሰር ነው፤ ዩቲዩብ በሰፊው የሚጠቀምበትን ኤቪ1 የተባለ የእመቃ ዓይነት ሳይቀር ያለ ችግር ይከፍታል። ገበያው ላይ በንቀት የሚታየው ባለ6 ዋቱ፣ በአድናቆት የሚታየው ባለ95 ዋቱ የማይችለውን ይችላል። ይህ የአስተያየት ልዩነት አይደለም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ አንድ ፋይል መክፈት ይበቃል።

አሁን ወደ ድምፁ ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ እዚህ ላይ ያለው አስተሳሰብ ነውና። «የፋን ድምፅ ምን ይጎዳል? ዝምታ የሀብታም ቤት ወግ ነው» የሚል መልስ በየቦታው እሰማለሁ። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሀብታሙ ሳጥኑ ቢያስቸግረው ክፍል ይቀይራል፤ በሩን ይዘጋል። የእኛ ሳሎን የመኝታም፣ የእንግዳም፣ የጥናትም ቦታ ነው። ቴሌቪዥኑ ቡፌው ላይ ነው፣ ኮምፒውተሩ ከሥሩ፤ አያት መደቡ ላይ ጋደም ብለዋል፤ ለብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጀው ልጅ ጥግ ይዞ ያነባል፤ እናት ቡና ታፈላለች። እዚያ ቤት ውስጥ የሚያጓራ ፋን እንደ አንድ ተጨማሪ ሰው ነው፣ ያውም ለአፍታ ዝም የማይል። ዝምታ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ጩኸቱን ጥሎ የሚገባበት ሌላ ክፍል ለሌለው ሰው ነው።

የምናየው ነገርም ይህንኑ ይፈልጋል። የአማርኛ ፊልምና ተከታታይ ድራማ በአብዛኛው የቆመው በንግግር ላይ ነው። በአነስተኛ በጀት ተቀርጾ የተዋናዩ ድምፅ ዝቅ ብሎ የሚመጣበት ብዙ ሥራ አለ፤ ከሥሩ ፋን ሲያጉረመርም ቃላት ይዋጣሉ፣ ሰው ድምፁን ይጨምራል፣ ድምፁ ሲጨመር ደግሞ ሙዚቃው ቤቱን ያናውጣል። የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘ ፊልም ነው፤ በውስጡ ንግግር የሌለባቸው፣ ሐይቁና ገጠሩ ብቻቸውን የሚታዩባቸው ቦታዎች አሉ። እነዚያን ቦታዎች በፋን ጩኸት መሸፈን ፊልሙን ጎደሎ ማየት ነው።

«ክረምት ሲገባ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ከፋኑ አይብስም ወይ?» የሚለኝ አለ። ይብሳል። ዝናቡ ግን ያባራል፤ የክረምቱም ወራት ያልፋሉ። ፋኑ መስከረምም ጥርም ግንቦትም አለ፤ ሰው ሁሉ በተኛበት ሌሊት ኮምፒውተሩ ፋይል ሲገለብጥ እንኳ አለ።

ፋን ለምን እንደሚጮኽ ማወቅ ምርጫውን ያቀልለዋል። የፋን ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ድምፁ በ15 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል፤ ለጆሮ ደግሞ በየ10 ዴሲቤሉ ጩኸቱ እጥፍ ሆኖ ይሰማል። ስለዚህ ሰፊ ሆኖ በዝግታ የሚዞር ፋን ከጠባብና ፈጣን ፋን ይልቅ ያንኑ አየር በጣም ባነሰ ድምፅ ያንቀሳቅሳል። ከሁሉ የሚሻለው ግን መጀመሪያውኑ ሙቀቱን ማሳነስ ነው። እዚህ ላይ የእኛ አገር ከፍታ ራሱ የሚጨምረው ነገር አለ። የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ 2,500 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ወደ ሩብ በሚጠጋ መጠን ይሳሳል። ሙቀቱን የሚሸከመው አየር ነውና፣ ያንኑ ሙቀት ለማውጣት ፋኑ የበለጠ መዞር ይኖርበታል። የደጋው ብርድ በከፊል ያካክሰዋል፤ ኮምፒውተሩን ቡፌ ውስጥ ከተን መስታወቱን ስንዘጋበት ግን ያ ጥቅም ይጠፋል።

ከዚያ አቧራው አለ። ደጎሎ ያለችበት ጀማ ወረዳ ጥቁር አፈር ነው፤ በክረምት ጫማ የሚነቅል ጭቃ፣ በበጋ የደቀቀ አቧራ። የአንድ ጎረቤቴን ትልቅ ሲፒዩ በበጋ ማብቂያ ላይ ከፍተን አይተናል። የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ የአሉሚኒየም ክንፎች አይታዩም ነበር፤ በላያቸው ጣት የሚያስገባ ግራጫ ድርብ ተነጥፏል፣ በመሃሉ የጤፍ ገለባ ብጣቂና የልጅ ፀጉር ተጠላልፎበታል። የፓወር ሰፕላዩ ወንፊት ሙሉ በሙሉ ተደፍኗል። ድርቡን በብሩሽ ስናነሳው በአንድ ቁራጭ ተገፎ ወጣ። ያ ማሽን ለወራት ሲጮኽ የኖረው አየር ሊስብ እየታገለ ነበር። ባለቤቱ ግን «ጉልበተኛ ስለሆነ ነው የሚጮኸው» ብሎ ያምን ነበር፤ ጩኸትን የጥንካሬ ምልክት አድርጎ የማየቱ ነገር ምን ያህል ሥር እንደሰደደ እዚህ ላይ ይታያል። አየር ብዙ የሚስብ ማሽን አቧራም ብዙ ይስባል። 15 ዋት የሚፈጀው ትንሽ ሳጥን የሚስበው ጥቂት ነው፤ ጭራሹኑ ፋን የሌለው ደግሞ ምንም አይስብም።

ስለ መብራት ብዙ ማለት የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ መብራት ሲሄድና ሲመጣ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ስሌት ግን ላቅርብ። 12 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት የሆነ የሶላር ባትሪ እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም 600 ዋት-ሰዓት ይሰጠናል። 45 ዋት ገደማ የሚፈጅ ባለ32 ኢንች ቴሌቪዥንና 15 ዋት የሚፈጅ ሚኒ ፒሲ አብረው 60 ዋት ናቸው። የኢንቨርተሩን ብክነት ቀንሰን 8 ሰዓት ገደማ ያስኬዱናል። በሚኒው ቦታ ግራፊክስ ካርድ ያለውን ባለ120 ዋት ሲፒዩ ብናስገባ 3 ሰዓት ነው። ከብዙዎቹ ባለኤን100 ሳጥኖች ጋር የሚመጣው አዳፕተር 12 ቮልት ነው፤ በመሃሉ ቮልቴጅ የሚያስተካክል ዕቃ ከተደረገ ያለ ኢንቨርተር ከባትሪው ሊሠሩ ይችላሉ። ባትሪ ሲሞላ ከ14 ቮልት በላይ ስለሚደርስ ማስተካከያውን መዝለል ግን አይገባም።

ሌላው ሰፊ ተቀባይነት ያለው መልስ «ስማርት ቲቪ ካለ ኮምፒውተር ለምን?» የሚል ነው። ለአዲስ አበባው ሰው ሊሠራ ይችላል። ለአማራ ክልል ግን ያለፉት ዓመታት መልሱን ሰጥተውታል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለረጅም ወራት ሲቆይ፣ በኢንተርኔት ብቻ የሚኖረው የስማርት ቲቪው መዝናኛ ዝም አለ። ሲሠራ የቆየው በዲሽ የሚመጣውና በዲስክ የተቀመጠው ነው። አብዛኞቹ ስማርት ቲቪዎች ከፍላሽ ፊልም እንደሚከፍቱ አውቃለሁ፤ ግን የፋይሉን ዓይነት ካላወቁት «አይደገፍም» ብለው ይቆማሉ፣ ዓመታት ሲያልፉም አምራቹ ይረሳቸዋል። ኮምፒውተር ላይ ቪኤልሲ ወይም ኮዲ የተባለ ማጫወቻ መጫን ብቻ ነው። ዕድሜ ልክ የሚከማቸውን የቤተሰብ ቪዲዮ፣ ሠርጉን፣ ክርስትናውን፣ መውሊዱን፣ በራሳችን ቤት በራሳችን ዲስክ ማኖር መቻል ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ ምን ይገዛ? በእኔ ፍርድ ለአብዛኛው ቤት የሚበጀው ከመሥሪያ ቤት የወጣ ያገለገለ ሚኒ ነው፦ የኤችፒ ዴስክቶፕ ሚኒ፣ የዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ ወይም የሌኖቮ ቲንክሴንተር ታይኒ። ቁመቱና ስፋቱ 18 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ፣ ውፍረቱ ከአራት ጣት ያነሰ ብረት ለበስ ሳጥን ነው። መርካቶና መገናኛ ይገኛል። ፕሮሰሰሩ ከሰባተኛ ጀነሬሽን እንዳያንስ፣ መጨረሻው ላይም «ቲ» የሚል ፊደል ይኑረው፤ ያ ፊደል 35 ዋት ነው ማለት ነው። ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ድጋፉ ተቋርጧል፤ ሰባተኛ ጀነሬሽን ደግሞ በጥቂት የተለዩ ሞዴሎች ካልሆነ በቀር ዊንዶውስ 11ን በይፋ አይቀበልም። ለፊልም ቤት ይህ ጉዳት የለውም፤ ሊብረኤሌክ የተባለው ነፃ ሲስተም ማሽኑን በቀጥታ ወደ ኮዲ ይቀይረዋል፣ በሪሞት የሚታዘዝ ይሆናል። እንዲያውም በዊንዶውስ ምክንያት ከየመሥሪያ ቤቱ የሚወጡት ማሽኖች ለእኛ ጥሩ አጋጣሚ ናቸው።

ራም 8 ጊጋባይት ይበቃል፤ ነገር ግን አንድ ባለ8 ከማስገባት ሁለት ባለ4 ማስገባት ይሻላል፣ ምስሉን የሚያወጣው ክፍል የሚሠራው በዚያው ራም ላይ ስለሆነ ሁለት ሲሆኑ ፍጥነቱ ይጨምራል። ለግራፊክስ ካርድ አንድም ብር አታውጡ።

ዲስኩ ላይ ግን አልደራደርም፤ ኤስኤስዲ መሆን አለበት። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ጭንቅላቱ የሚንሳፈፈው በአየር ላይ ነው፤ ብዙዎቹ አምራቾች ለሥራ የሚፈቅዱት የከፍታ ገደብም 3,048 ሜትር ነው። ከተሞቻችን ከገደቡ በታች ቢሆኑም ከሱ ብዙ አይርቁም። ከአዲስ አበባ በሙከጡሪና በዓለም ከተማ በኩል የጀማንና የወንጭትን በረሃ ተሻግሮ ደጎሎ የሚገባ ዕቃ ምን ያህል እንደሚንገጫገጭ ደግሞ መንገዱን የሄደ ያውቀዋል። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም፣ ድምፅም የለውም። ብዙ ፊልም ለማኖር ትልቅ ሃርድ ዲስክ የግድ ከሆነ በዩኤስቢ ይያያዝ፣ ሲፈለግ ብቻ ይሰካ።

አዳፕተሩንም ገልብጣችሁ እዩት። በብዙ ቻይና ሠራሽ አዳፕተሮች ጀርባ ተራራ ተስሎ 2000 ሜትር ተጽፎበታል፤ የደህንነት ምርመራው የተደረገለት እስከዚያ ከፍታ ነው ማለት ነው። እኛ ከዚያ በላይ ነን። 5000 ሜትር የተጻፈበት ካገኛችሁ እሱን ምረጡ። የሚኒዎቹ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ይታየኛል፤ መብራት ከፍ ዝቅ ሲል መጀመሪያ የሚቃጠለው ኃይል ሰጪው ነው፣ የእነዚህ ኃይል ሰጪ ደግሞ በውጭ ያለ አዳፕተር ነው። ዋቱና ጫፉ እስከገጠመ ድረስ የዚያው ድርጅት የላፕቶፕ ቻርጀር ይተካዋል። የትልቁ ሲፒዩ ፓወር ሰፕላይ ሲቃጠል ግን ሳጥኑ ይፈታል፣ አንዳንዴም ማዘርቦርዱን ይዞ ይሄዳል።

ኤችዲኤምአይ የሌላቸው ሞዴሎች አሉ፤ ዲስፕሌይፖርት ብቻ ካለው አነስተኛ መቀየሪያ ይበቃል፣ ድምፁም አብሮ ያልፋል። 4ኬ ቴሌቪዥን ያለው ሰው መቀየሪያው በ60 ኸርዝ የሚሠራ መሆኑን ይጠይቅ።

የመጨረሻው ተቃውሞ ጠንካራው ነው፤ «ነገ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፣ ጉልበተኛ ማሽን ያስፈልገዋል» የሚለው። ክብደት አለው፤ ወላጅ አንድ ጊዜ ገዝቶ ብዙ ዓመት ሊጠቀምበት ያስባል። ነገር ግን ሁለት ሥራ በአንድ ሳጥን ሲጫን ሁለቱም ይበላሻሉ። ልጁ ሲያጠና ቤተሰቡ ፊልም አያይም፣ ቤተሰቡ ሲያይ ልጁ አይሠራም። በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ፣ ቱሉ አውሊያም ሆነ መካነ ሰላም ግቢ ለሚገባ ልጅ የሚያስፈልገው ይዞት የሚሄደው ላፕቶፕ ነው እንጂ ሳሎን ውስጥ የቀረ ሲፒዩ አይደለም። ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ሁሉ ምን ያህል እንደተወደደ እናውቃለን። ለግራፊክስ ካርድና ለአይ7 ስም የሚወጣው ብር ለልጁ ላፕቶፕ ቢቀመጥ ይሻላል።

የጌም ነገር ከተነሳ፣ ከባድ ጌም የሚጫወት ሰው ትልቁን ይግዛ፤ ከእሱ ጋር ክርክር የለኝም። እኔ የምከራከረው ማታ ማታ ድራማና ፊልም ለሚያይ ቤተሰብ የጌመኛ ማሽን ሲሸጥለት ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። ሱቅ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ደንበኛው «ጥሩ ኮምፒውተር» ሲላችሁ ዋጋ ከመጥራታችሁ በፊት ምን ሊሠራበት እንደሆነ ጠይቁት፤ ለፊልም ከሆነም ማሽኑን ከፍታችሁ አንድ የኤችኢቪሲ ፋይል አጫውቱለት፣ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጥ። ከውጭ የሚልክ ዘመድ ያላችሁም ትልቅ ሳጥን በሻንጣ አታሸክሙት፤ ሰባተኛ ጀነሬሽን ወይም ከዚያ በላይ፣ 35 ዋት፣ 8 ራም፣ ኤስኤስዲ ያለው ሚኒ ብላችሁ ጻፉለት። በሻንጣው ከልብስ መሃል ይገባል።